ሦስት ምክንያት ያለው ሞተር

ሰው ሁሉ ገዢ በሆነበት ዘመን ሻጭ ሆኖ መገኘትን የመሰለ አጠራጣሪ ነገር የለም። ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁ።

የነዳጅ ዋጋ ሰማይ የነካበት ጊዜ ነበር፤ ነዳጅ እየሸጠች ለምትኖር ከተማ ደግሞ ይህ ሠርግ ነው። ባለፈው ወር ከኤርፖርት የተቀበልነው ልጅ በዚህኛው ወር አዲስ ፒክአፕ ይነዳል። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር የምሠራበት መጋዘን በር ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ፀሐይ አንጥቶት፣ በላዩ ላይ ሌላ ተለጥፎበት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «የሚሸጥ» ብላችሁ ስታውጁ ሰው ዕቃውን አያይም። የሚያየው እናንተን ነው። ምን ነካው? ይላል። ከሥራ ተባረረ? ከሚስቱ ተጣላ? ወይስ ሊጠፋ ነው?

እኔ የምሸጠው ደግሞ እንደ ስልክ በኪስ ይዘውት ዞር ብለው የሚሸጡት ነገር አልነበረም። ሞተር ሳይክል ነው። ሞተር ሳይክል ስላችሁ ያችን ቱር ቱር እያለች መልእክት የምታመላልሰውን እንዳታስቡ። ቱሪንግ የሚሉት ነው፣ አገር ለአገር መዞሪያ። ሬዲዮ አለው። ወንበሩ ይሞቃል። በግራና በቀኝ ሻንጣ የሚያህል ሣጥን፣ ከኋላ ደግሞ ሌላ ሣጥን አለው። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው መደገፊያና የክንድ ማሳረፊያ ሳይቀር ተሠርቶለታል። ሳሎን ያለው ሶፋ ጎማ አውጥቶ መንገድ ቢወጣ እሱን ነው የሚመስለው። የኋላ ማርሽም አለው፤ ሰው ገፍቶ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልማ። ይህን የነገረኝ የሸጠልኝ ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ እንደ ሙገሳ ሰማሁት። ማስጠንቀቂያ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው።

የሸጠልኝ የሥራ አለቃዬ ነበር። «ጉልበቴን ያመኛል» አለኝ፤ አመንኩት። ጉልበቱን የቱ ጋ እንደሚያመው እንኳ አልጠየቅኩም። እሱ ቁልፉን ሲያሳየኝ እኔ በሐሳቤ ባለቤቴን ማርታን ከኋላ አስቀምጬ፣ ተራራውን አቋርጬ ቫንኩቨር ገብቻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ሰምቼ አላውቅም ማለት አልችልም። አባቴ ጧትና ማታ ይለው ነበር።

አሁን ለምን እንደምሸጠው ልንገራችሁ። ለእናንተ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማርታን ይዤ አይስክሬም ልጋብዛት ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ኮክረን ወጣሁ። መንገድ ላይ ንጉሥ ነበርኩ። ይህ ሞተር ሲሄድ ላባ ነው፤ ችግሩ ሲቆም ነው። አይስክሬም ቤቱ በር ላይ ሰልፉ መንገዱን ይዞታል። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አቆምኩና ግራ እግሬን ዘረጋሁ። መሬቱ የለም። መሬቱማ አለ፣ እግሬ ነው ያልደረሰው። ጣቴ ነካ አድርጎ ተመለሰ። ሞተሩ አልወደቀም፤ ወደቀ ቢባል ስሙን ማጥፋት ነው። እንደ ጠገበ በሬ ቀስ ብሎ ጋደም አለ። ማርታ ከኋላ ወንበሯ ተነሥታ ቆመች፤ እኔ ከሥሩ ቀረሁ። አራት ሰዎች ከሰልፉ ወጥተው አነሱት። አንዲት አሮጊት «ወንበሩ ይሞቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ሰዓት የሚሞቀው ጆሮዬ ነበር።

ማርታ ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩ ላይ አልወጣችም። ብዙም ሳይቆይ አረገዘች። ማርታ ብዙ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«በረዶ ሳይጥል ጋራዡን ባዶ አድርግልኝ» አለች። «መኪናው እንዲገባ። ልጄን ከሆስፒታል ሳመጣ በረዶ የተጋገረበት መኪና ውስጥ አልከትም። ባለፈው ዊንተር በሩ አልከፈት ብሎ በመስኮት ልገባ ነበር። ረሳኸው?»

አልረሳሁም። እሷ የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ሺፍቷ ገና ሳይነጋ ይጀምራል። ጋራዣችን ጠባብ ነው፤ ሞተሩ እንደ ባለርስት መሐሉን ይዞ ተንሰራፍቷል። መሸጥ አለበት።

ግን ለምን እንደምሸጠው ለገዢ ምን ልበል? «እግሬ አጥሮብኝ ነው» ብሎ ሞተር የሚሸጥ ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደግሞም እኛ ቤት ያደገ ሰው ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን አይዘረግፍም። ለገዢ ሆድህን ከሰጠኸው ዋጋህን ሰጠኸው ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ፊቱን እያየሁ የሚመጥነውን ምክንያት ልሰጠው ወሰንኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ናቲ ነው፣ እዚሁ ያደገ የጎረቤታችን ልጅ። ሞተሩን አንዴ ዞረው።

«ብሮ፣ ይሄ ላይክ... የእናቴን ካውች ነው የሚመስለው። ኖ ኦፌንስ» አለ።

«ሬዲዮ አለው» አልኩት።

«ዋይ?» አለ፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። «አይ ሚን፣ እኔ ስፖርት ባይክ ነው የምፈልገው። ፋስት የሆነ። ሶ፣ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ጊዜ የለኝም፤ ሺፍት በዝቶብኛል።»

«ኮል አደርግልሃለሁ» ብሎ ሄደ። እንዳልደወለ ልንገራችሁ አያስፈልግም።

ቀጥዬ ማስታወቂያዬን ይዤ ፎረስት ሎን ሰፈር ወረድኩ። እዚያ አሥራ ሰባተኛው ጎዳና ላይ የአገራችን ሰው ሁሉ እንጀራ የሚገዛበት ሱቅ አለ። ባለሱቋ ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ከመለጠፏ በፊት ፕላስተሩን በእጇ ይዛ «ምነው፣ ለምን ትሸጠዋለህ?» አለችኝ። ለእሷ ሺፍት በዛብኝ ብላት ጎበዝ ሠራተኛ ነው ብላ ለሰው ሁሉ ታወራለች፤ ያኔ ገንዘብ አለው ተብሎ የሠርግና የለቅሶ መዋጮ ይበዛብኛል። ስለዚህ «ወገቤን ሐኪም ከልክሎኝ ነው» አልኳት። ከንፈሯን መጠጠችልኝና ለጠፈችው። በነጻ የተለጠፈልኝ ለወገቤ ታዝና ነው።

ከዚያ ወንድም ደረጀ መጣ። ደረጀ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነው፤ ደግ ነው፣ ግን የሰማውን ማስቀመጫ ቦታ የለውም። ብቻውን አልመጣም። የኛ ሰው ዕቃ ሊገዛ ሲመጣ አዋቂ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የአዋቂ ሥራ ደግሞ ማወቅ ሳይሆን ማጣጣል ነው። የደረጀ አዋቂ ሞተሩን ሦስቴ ዞረ። ጎማውን በጫማው መታ አደረገ። ተንበርክኮ ከሥር አየና «ህምምም» አለ። ምን እንዳየ ስጠይቀው «ተወው» አለኝ። ተወው ከሚል ሰው የባሰ ጠላት የለም።

«ዋናው ነገር» አለ አዋቂው ለደረጀ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል፣ «ሰሜን ነዳጅ ካምፕ የሚሠሩት አዲሱን ከሱቅ ነው የሚያወጡት፤ ወጣቱ ደግሞ ይሄን አይነካም። ሽማግሌው ይፈራዋል፣ የሽማግሌው ሚስት ደግሞ አትፈቅድም። በረዶ የሌለበት ወር ራሱ ስንት ነው? ዛሬ ብትገዛው ነገ ለማን ትሸጠዋለህ?»

እውነት ነበር የተናገረው፤ ለዚህ ነው የተናደድኩት።

«ግን ወንድሜ» አለኝ ደረጀ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ለምንድን ነው የምትሸጠው?»

አዋቂው ዓይኑን አጥብቦ ያየኛል። ጊዜ የለኝም ብል ሞተሩ ቆሞ ነው የከረመው ይላል። ወገቤ ብል ሞተሩ ወገብ ይሰብራል ይላል። ከሞተሩ ጋር ምንም የማይነካካ ምክንያት ፈለግኩና አገኘሁ።

«ወደ ኤድመንተን ልንዛወር ነው» አልኩ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ኤድመንተን ከእኛ በስተሰሜን ያለ ከተማ ነው፤ እዚያ ማንም የለንም። ሄደንም አናውቅም።

እሑድ አምልኮው ሊያልቅ ሲል ፓስተራችን መነጽሩን አወለቀና «ወንድማችንና እህታችን ጌታ በር ከፍቶላቸው ወደ ኤድመንተን ሊሄዱ ነው» አለ። «እስቲ ወደ ፊት ይምጡ፣ እንጸልይላቸው።»

ማርታ ማን ሊሄድ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ ዞረች። ከዚያ ሰው ሁሉ እኛን እያየ መሆኑን አወቀች። ከዚያ እኔን አየችኝ። የሚስትን ፊት ለሚያነብ ሰው ያ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ነበር።

እዚያው ተነሥቼ «ውሸት ነው» ማለት እችል ነበር። ግን ደረጀ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ዛሬ ማታ ዋጋ ሊነግረኝ ነው። ወጣን። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጫኑብን። መንገዱን አቅናላቸው፣ አዲሱን ቤታቸውን ባርክ ተባለ። በጸሎቱ መሐል አንድ ዓይኔን ገርበብ አድርጌ ደረጀን ሳየው እሱም አንድ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ እኔን ያያል። ሁለታችንም ቶሎ ጨፈንን። እናቶች ማርታን እያቀፉ አለቀሱ። አንዷ ለሚወለደው ልጅ የሹራብ ብርድ ልብስ ሰጠቻት፣ «የኤድመንተን ብርድ ከዚህ ይብሳል» ብላ።

መኪና ውስጥ ማርታ ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ አድርጋ አጣጠፈችው።

«ኤድመንተን ስንት ክፍል ቤት ነው የያዝነው?» አለችኝ።

ደረጀም ማታ ደውሎ «ጸለይኩበት፤ ሰላም አላገኘሁበትም» አለኝ። ሰላም ያሳጣው አዋቂው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

በሳምንቱ ጋሽ ሀብቶም መጡ። ጋሽ ሀብቶም ኤርትራዊ ናቸው፣ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ረጅም፣ ባለ ታክሲ። ሚስታቸው እኛ ጋ ነው የምታመልከው፤ እሳቸው የሚመጡት ምሳ ሲኖር ብቻ ነው። ወንበር ሳላቀርብላቸው ሞተሩ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሁለቱም እግራቸው መሬት ላይ ዝርግት አለ። አየሁት። ቀናሁ።

«አስመራ ሞተር ነበረኝ» አሉ። ሬዲዮውን ከፈቱ። የወንበሩን ማሞቂያ ከፈቱ። ደስ ብሏቸው ብዙ ከተቀመጡ በኋላ ድንገት ዘጉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ማነው የሞተበት?»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«እንጀራ ሱቅ ተቀምጬ ነበር። ያ ናቲ የሚሉት ልጅ ጊዜ አጥቶ ነው አለ። ባለሱቋ ወገቡን ነው አለች። ዲያቆኑ ኤድመንተን ሊሄድ ነው አለ። አንድ ሞተር ሦስት ምክንያት ካለው እውነተኛው አራተኛው ነው። ደም አለበት።»

«ኧረ በጌታ! ማንም አልሞተበትም ጋሼ።»

«እሺ፣ ለምን ትሸጠዋለህ?»

አፌን ከፈትኩ። እግራቸውን አየሁ፣ ዝርግት ያለውን። አፌን ዘጋሁ።

«ይኸው» አሉና ወረዱ፤ እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ነፍስ የጠፋበት ዕቃ ላይ አልቀመጥም።» ግማሽ ቀን ሲቀመጡበት ነበር።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ቦታ አንድ ልጅ «ያ ሰው የሞተበት ሞተር ያንተ ነው እንዴ?» አለኝ። በአራተኛው ቀን ሟቹ ሁለት ሆነዋል። የአገሬ ሰው እንደማይገዛኝ ሲገባኝ ማስታወቂያውን በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ አወጣሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ነጭ ሰውዬ መጎተቻ ጋሪ በፒክአፑ ስቦ መጣ። ሰሜን ካምፕ ነው የሚሠራው፤ ጢሙ ደረቱ ደርሷል። ሞተሩን አየ። አስነሣው፣ ሰማው፣ አጠፋው።

«ጥሩ ነው፤ እወስደዋለሁ» አለ።

ደነገጥኩ። «ዋጋውን አይተኸዋል?» አልኩት።

«አይቻለሁ፤ ዋጋው ጥሩ ነው።»

ልብ በሉልኝ። ዋጋው ጥሩ ነው የሚለው ሻጭ ነው። ገዢ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ እናንተም አልሰማችሁም። አልዞረውም። ጎማውን አልመታም። አዋቂ አላመጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምን እንደምሸጠው አልጠየቀኝም። ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ የከረመውን ጥያቄ ይህ ሰው የማይጠይቀው ምን ቢያውቅ ነው? ምናልባት ሞተሩ ውስጥ እኔ የማላውቀው ውድ ነገር አለ። አለቃዬ የደበቀው። ወይም ብሩ ሐሰተኛ ነው። ወይም ሰውየው ፖሊስ ነው።

«ለምን ትገዛዋለህ?» አልኩት።

ሳቀ። «ስለፈለግኩት።»

«ለምን ዛሬ?»

«ዛሬ ዕረፍት ላይ ስለሆንኩ። ነገ ወደ ካምፕ እመለሳለሁ።»

«ለምን አልተከራከርክም?»

ሳቁ ቆመ። ወደ ሞተሩ ተመለከተና ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየው። እኔ ያስተማርኩት ነው። ማርታ በመስኮት በሁለት እጇ «ስጠው፣ ስጠው» ትላለች። እኔ «ከባለቤቴ ጋር ልማከር» አልኩት። ስልክ ቁጥሩን ትቶልኝ ባዶ ጋሪውን እያንኳኳ ሄደ።

ሰኞ ስነሣ ውጭው ነጭ ሆኗል። ማርታ አልጋ ላይ የለችም። በመስኮት አየኋት፤ ካፖርቷ ሆዷ ላይ አልዘጋ ብሎ ተከፍቶ፣ በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ፣ በሌላው የመኪናውን መስታወት ትፍቃለች። ሲያዳልጣት የጎን መስታወቱን ያዘች። በካልሲ ሮጬ ወጣሁ። መፋቂያውን ከእጇ ወስጄ የቀረውን ፋቅኩ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

ለባለ ጢሙ ደወልኩ። ሌላ ገዝቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ያ ሳምንት ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ጉድ። እናቶች ሳይነግሩን የስንብት ፕሮግራም አዘጋጅተው ጠበቁን። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ምግቡ ተደርድሯል፣ ኬኩ ላይ «መልካም ጉዞ» ተጽፏል። ምሳ ስላለ ጋሽ ሀብቶምም ከሚስታቸው አጠገብ ሳህን ይዘው ተቀምጠዋል። ኬክ ሳይቆረስ ተሰናባች ሁለት ቃል መናገር ልማዳችን ነው። ፓስተሩ ማይኩን ወደ እኔ ሲዘረጋ ማርታ ቀደመችኝና ተቀበለችው።

«ስለ ፍቅራችሁ እናመሰግናለን» አለች። «ግን የትም አንሄድም።»

ማንኪያዎች ቆሙ።

«ባለቤቴ ወገቡን አያመውም። ጊዜም አለው። በሞተሩ ላይ ማንም አልሞተም። ሞተሩ ትልቅ ነው፣ የእሱ እግር አይደርስም። ኮክረን ላይ አይስክሬም ልንበላ ስንል ጋደም አለብንና አራት ሰው አነሣልን። ይሄው ነው። እኔ ልወልድ ነው፤ በረዶ ጥሏል፤ መኪናዬ ጋራዥ ውስጥ እንዲገባ እፈልጋለሁ። ወንድም ደረጀ፣ ይቅር በለን። እናቶች፣ ብርድ ልብሱን እመልሳለሁ።»

ማይኩን ለፓስተሩ መለሰችለት። ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ሰው ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ፓስተሩም ማይኩ እንዳልተዘጋ ረስቶ ሳቀ። ብርድ ልብሱን የሰጠቻት እናት ማርታን አቅፋ «አትመልሺም፣ እዚህም ይበርዳል» አለቻት። ኬኩ ተቆርሶ ተበላ። መልካም ጉዞ የሚለው ለእኔ ደረሰኝ።

ጋሽ ሀብቶም ሳህናቸውን አስቀምጠው መጡ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ እግሬ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ነገ እመጣለሁ» አሉ። «ግን ያልከውን አልከፍልም።»

በማግሥቱ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶውን አቅልጦ መንገዱን አድርቆት ነበር። ጋሽ ሀብቶም ሞተሩን ዞሩት፤ ጎማውን መቱ፤ ቀለሙን ነቀፉ፤ ሬዲዮውን «ምን ያደርጋል?» ብለው አጣጣሉ። ዋጋ ጠሩ፣ ተቆጣሁ። ሄዱ፣ ተመለሱ። እኔ ቤት ገባሁ፣ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ በሚስታቸው፣ አንድ ጊዜ በእናታቸው ማሉ። እንዴት ያለ ደስታ! ተከራካሪ ሰው የታመነ ነው። ስንጨባበጥ ሁለታችንም የተታለልን መስሎን ተለያየን። ሁለት እግራቸውን መሬት ላይ ዘርግተው አስነሡትና ሽምጥ ጋለቡ።

ማርታ መኪናውን ራሷ ልትነዳ ፈለገች፤ ኋላ ግን ሆዷ መሪውን ነካና ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ቀስ ብዬ ወደ ጋራዡ አስገባሁት። ልክክ አለ። በሩ ከኋላችን ተዘጋ፤ ነፋሱ ጠፋ። ልወጣ ስል «ቆይ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። መደገፊያዋ ላይ ጋለል ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የጋራዡን ጸጥታ አዳመጠች።

«አሁን ሊዲያ ትምጣ» አለች።

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ከዘመዶቿ ውስጥ ሊዲያ የምትባል አላውቅም።

«ሊዲያ ማን ናት?» አልኳት። «ደግሞ ማንን ነው ሳትነግሪኝ የጠራሽብኝ? የት ነው የምትተኛው? ስንት ጊዜ ልትቆይ ነው?»

ማርታ ዓይኗን ሳትገልጥ እጄን ከመሪው ላይ አነሣችና ሆዷ ላይ አስቀመጠችው።